የመመለሻ ትኬት

ሳምንቱን በሙሉ «ትኬት!» ስል ከርሜ፣
በሴጌድ ትራም ላይ ስድስት ቀን ቆሜ፣
እሑድ ጎህ ሲቀድ
መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ብቻዬን ልሄድ
የባቡሩን ጣቢያ መስኮት አንኳኳሁኝ።
«ደርሶ መልስ» አልኩና ሳንቲም ቆጠርኩኝ፤
ሻጯ ሳቀችብኝ፦ «አንተም ትከፍላለህ? አይ ባርናባሽ!» አለችኝ።

ደብተሬ ውስጥ አለች አንዲት ባዶ መስመር፣
ዐሥራ ሦስት ክረምት ያለ ስም የምታድር።
ክንፏ ሰማይ ጠገብ፣ ጀርባዋ ገል መሳይ፣
ሁሉም ሰው አይቷታል፣ እኔ ነኝ የማላይ።
ወፍን ከዶሮ የማይለይ አንድ ባልደረባዬ እንኳ አይቷታል፣
ያውም ከመኪና መስኮት፣ ሳንድዊች ሲገምጥ፤ ይኸ ያናድዳል።

ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ። ሜዳው ተዘረጋ፣
ጫፉ ሰማይ ነክቶ፣ ማንም ያልተኛበት እንደ ሰፊ አልጋ።
መብራት ምሰሶ ላይ፣ ከጎጆዋ አፋፍ፣ ሽመላ ቆማለች በአንድ እግሯ፤
ቁልቁል ታየኛለች፤ ሳላስፈቅድ ገባሁ፣ ግቢዋ ነው፣ ምድሯ።
ድርጭት ከሣሩ ውስጥ ሦስቴ ተጣራችኝ፣
ሦስቴ ተንበረከክሁ፣ ሦስቴ አታለለችኝ።
ባለ ጉትያዋ ወፍ በአቧራ ስትታጠብ
ጻፍኩ፤ ሰዓት ጨመርኩ፤
(የሥራ ልማድ ነው፣ ሰዓት የሌለበት መዝገብ አይሆንልኝም መዝገብ።)
ንብ በሎቹ ደግሞ፣ ከአሸዋው ገደል ላይ ቀለም እንደ ጅረት ሲፈስ፣
አንዱ ንቧን ይዞ፣ ቅርንጫፍ ላይ መትቶ፣ መርዟን አስተፍቶ፣
ለሚስቱ ሲያጎርስ፦
ዐሥራ ሰባት ቆጠርኩ፤ ወይም ዐሥራ ስምንት ናቸው፤
አንዱን ሁለቴ ቆጥሬው ይሆናል፤ ተሳፋሪም እንዲሁ ነው።

ከቀትር በኋላ ዝይ የምትጠብቅ ሴት አገኘሁ፤ ኤቴልካ ትባላለች።
ከመሀረቧ ፈትታ ቼሪ ሰጠችኝና፣ ስለ ወፏ ብጠይቃት፣
«ያቺ ሰማያዊቷ? ያቺ ለፍላፊ?» አለች።
«ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚህ እንጨት ላይ ነበረች፤
አሁን አንተ የተደገፍከው ላይ።»
ቀና ብዬ አየሁት። እንጨት ነው።
ጫፉ ላይ ኩስ አለ፣ ነጭ፣ ደረቅ፣
እንደ ፊርማ የወረደ።
«ነገስ?» ብላት፣
«ነገማ» አለች ዝይዋን እየመለሰች፣
«ነገ ሰኞ ነው፤ አንተ ሥራ ትገባለህ፣ እሷ ትመጣለች።»

ስመለስ፣ ከትራክተር ጎማ ዱካ ውስጥ፣ ውኃ ታቁሮ፣
ጭቃ ላይ ወድቃለች፣ ቢጫ፣ ባለ ጥቁር መስመር፣ ባለ ጭራ፣ አንዲት ቢራቢሮ።
በእጄ እንዳላነሣት
ክንፏ ዱቄት ነው፤ የኔ አውራ ጣት ደግሞ ወረቀት ሲቀድ የኖረ ጣት።
ኪሴን ስዳብሰው ትኬቴን አገኘሁ፤
ከሥሯ ሰደድኩት። ቀስ ብላ ወጣች።
የቀኑ ማኅተም ላይ ስድስት እግር አየሁ።
ፀሐይ ካለበት ሣር ላይ ከነትኬቷ አኖርኳት።
ክንፏን ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች።

ያኔ ነው ከኋላዬ
«ራክ! ራክ!» የሚል ድምፅ፣ ሻካራ፣ ዘይት እንዳልነካው በር፣
ጥላም በራሴ ላይ ያለፈው።
ልዞር ነበር።
ግን ብነቃነቅ ትደነግጣለች፤ ክንፏም ገና አልደረቀ።
አልዞርኩም።
ድምፁ ወደ እንጨቱ፣ ከዚያ ወደ ሜዳው፣
ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ዓይን ራቀ።

ማታ ባቡር ውስጥ «ትኬት!» አለኝ አንድ ለግላጋ ልጅ፤
ጆምቦር ይላል ደረቱ ላይ።
ኪሴን ገለበጥኩት፦ እርሳስ፣ የቼሪ ፍሬ።
«ቢራቢሮ ሥር ትቼው መጣሁ» ልለው ነበር፤
ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሁት ሰበብ ሁሉ ተሰለፈብኝ፦
ውሻ በላው፣ ነፋስ ወሰደው፣ ሚስቴ ከሱሪዬ ጋር አጠበችው፤
ስንቱ ይሆን እውነቱን ነግሮኝ
የቀጣሁት፣ ከነኀፍረቱ ያወረድኩት?

ከፈልኩ። ደረሰኝ ሰጠኝ።
ጀርባው ባዶ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩበት፦
ቢራቢሮ፣ አንዲት፣ ባለ ጭራ።
ሰማያዊቷ ወፍ፦ ጥላዋ ብቻ።
ዐሥር ሰዓት ከሩብ።